ሽሮ የሚያስገድፍበት ጾም

ነቀምቴ ውስጥ ጾመኛ እንግዳ የተቀበለች የቤት እመቤት ምን እንደምታቀርብ አይቸግራትም። ሽሮ፣ ምስር ወጥና ጎመን በዘይት ሠርታ በእንጀራ ታቀርባለች። እንግዳዋ የናቭራትሪን ጾም የያዘ ሂንዱ ከሆነ ግን ከዚህ ገበታ አብዛኛው ያስገድፈዋል። በአንጻሩ የኦርቶዶክስ ጾመኛ የሚከለከለው ወተትና እርጎ ለእሱ ተፈቅዷል።

ይህን ማወቅ ለወለጋ ሰው ይጠቅማል። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ህንዳውያን መምህራን ያስተማሩበት ተቋም ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም በርካታ ህንዳውያን በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። እርግጥ ህንዳዊ ሁሉ ሂንዱ አይደለም፤ ከእነዚያ መምህራን ብዙዎቹ ከህንዷ የኬረላ ግዛት የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ።

ናቭራትሪ ዘጠኝ ሌሊት የሚዘልቅ በዓል ሲሆን፣ ዱርጋ የተባለችው አምላክ ማሂሻሱራ የተባለውን ጎሽ መሰል ጋኔን ድል ማድረጓ ይታሰብበታል። በዓመት ከሚውሉት ናቭራትሪዎች ትልቁ በመስከረምና በጥቅምት መካከል የሚከበረው ነው። ቀኑ በጨረቃ ስለሚቆጠር ይለዋወጣል፤ በ2018 ዓ.ም. መስከረም 12 ቀን በመግባቱ ደመራና መስቀል በጾሙ መካከል ውለዋል።

በመጀመሪያው ቀን ውኃ የተሞላ ማሰሮ በጸሎት ቦታ ይቀመጣል፤ አፉ ላይ የማንጎ ቅጠልና ኮኮናት ይደረጋል፤ አጠገቡም ገብስ ይዘራል። ከዚያ በኋላ ስንዴ፣ ሩዝ፣ ምስርና ሽምብራ ከጾመኛው ማዕድ ይወጣሉ። ሥጋና መጠጥ ጨርሶ አይነኩም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ሥጋን ያነሣሣሉ፣ ልብን ከጸሎት ያናውጣሉ ተብለው ይቀራሉ። በተለመደው ጨው ምትክ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ የድንጋይ ጨው ይገባል። የሚበላው ፍራፍሬ፣ ወተት፣ ድንችና ስኳር ድንች ነው። ቂጣ ያማረው ደግሞ ኩቱ ከሚባል ዱቄት ይጋግራል፤ ኩቱ ከሣር ወገን ያልሆነ ተክል ፍሬ ስለሆነ ከእህል አይቆጠርም።

ጾሙ የግል ስእለት ነው። አንዱ ዘጠኙንም ቀን ይጾማል፤ ሌላው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ። በቀን አንዴ የሚመገብ አለ፣ ፍራፍሬ ብቻ የሚቀምስም አለ። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕሙማን አይገደዱም። ሥርዓቱም እንደየአገሩ ይለያል። ከላይ የተዘረዘረው በተለይ በሰሜንና በምዕራብ ህንድ የሚጸናው ነው፤ በቤንጋል ግን ያው ወቅት የድግስ ጊዜ ሆኖ ዓሣና ሥጋም ይበላበታል። በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው ቀን ብዙ ቤተሰቦች ትንንሽ ልጃገረዶችን ጋብዘው እግራቸውን ያጥባሉ፤ ሽምብራ፣ በዘይት የተጠበሰ ቂጣና ሃልዋ የተባለ ጣፋጭ ያበሏቸዋል። ጾሙ የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ የወለጋ ቤት ለእንዲህ ያለው ጾመኛ ምን አለው? በቂ ነገር አለው። ሙዝና ፓፓያ፣ እርጎ፣ አይብ፣ የተቀቀለ ድንች ይቀርባል። የመስቀል ጊዜ ክብር የሆነው አንጮቴም ሥራ ሥር እንጂ እህል ስላልሆነ ከጾሙ ሥርዓት ጋር አይጣላም። ጥንቃቄ የሚያሻው ቅቤው ላይ ነው፤ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት የተነጠረ ከሆነ አይሆንም፤ ለጋ ቅቤ ይሻላል። ጨውንም ለእንግዳው መተው ነው።

የኦርቶዶክሱ ጾም ከእንስሳት ተዋጽኦ ይከለክልና እህልና ጥራጥሬን ይፈቅዳል፤ የሙስሊሙ ረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ እህል ውኃ ያስከለክላል፤ የሂንዱው እህልን ትቶ ወተትን ይፈቅዳል። የሚከለከለው ቢለያይም ሦስቱም ሰው የለመደውን ትቶ ወደ ፈጣሪው የሚቀርብባቸው መንገዶች ናቸውና እኩል አክብሮት ይገባቸዋል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ህንዳዊ ጎረቤት ካለዎት «ብላ እንጂ» ብለው ከመለመን በፊት «በጾምህ ምን ትበላለህ?» ብለው ይጠይቁት።