መኪናው «አድብሉው ጥራት የለውም» ሲል ምን አይቶ ነው?

ትናንት ደህና የነበረ የናፍጣ ቫን ዛሬ ጠዋት ሲነሳ ዳሽቦርዱ ላይ «የአድብሉ ጥራት ጉድለት» የሚል ጽሑፍ ያወጣል። ከሥሩ ቆጠራ አለ፤ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ሞተሩ ከጠፋ ዳግም አይነሳም። ጉልበቱ አልቀነሰም፣ ድምፁ አልተለወጠም፣ ጭስም አይታይበትም። በአውሮፓ ዕቃ ለሚያደርሱ፣ አድብሉ የተባለው የጭስ ማጽጃ ፈሳሽ ዴፍ በሚባልበት በአሜሪካ ደግሞ ጭነት ለሚያጓጉዙ ወገኖቻችን ይህ ማስጠንቀቂያ የቤት ወጪ ጥያቄ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው አዲስ ጄሪካን ገዝቶ መሙላት ነው። ያ ካልሠራ ጋራዡ «ታንኩ ከነፖምፓው ይቀየር» ይላል፤ ባለቤቱም ቆጠራው ስላስፈራው ይስማማል። ይህ ሁሉ ወጪ የሚወጣው አንድም ነገር ሳይለካ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ፈሳሹን መለካት ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው።

አድብሉ 32.5 በመቶ ዩሪያ፣ ቀሪው ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ነው። ትኩስ ጭስ ማውጫ ውስጥ ሲረጭ ሙቀቱ ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል። አሞኒያውም ካታሊስቱ ላይ ናይትሮጅን ኦክሳይድን አግኝቶ ናይትሮጅንና የውሃ እንፋሎት ያደርገዋል። ናይትሮጅን ኦክሳይድ ሳንባ የሚጎዳ የከተማ አየር መርዝ ስለሆነ፣ ለመኪኖች ከመስከረም ወር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ዩሮ 6 ገደቡን አጥብቋል። አንዳንድ ሰው ወጪ ለመቆጠብ ውሃ ብቻ ሊሞላ እንደሚችል ታስቦም፣ የአውሮፓ ደንብ የጥራት ማስጠንቀቂያው ከበራ በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ ካልተስተካከለ መኪናው ባለቤቱን ማስገደድ እንዲጀምር ያዛል። ዓላማውን እደግፋለሁ። ችግሩ ያለው ፍርዱ በሚሰጥበት መንገድ ላይ ነው።

ጥራቱን የሚመረምረው ማን ነው? አንዳንድ መኪኖች ታንካቸው ውስጥ ድምፅ በፈሳሹ ውስጥ የሚጓዝበትን ፍጥነት የሚለካ ሴንሰር አላቸው፤ ከፍጥነቱና ከሙቀቱ የዩሪያው መጠን ይሰላል። ይህም ቢሆን ታንኩ ገና ሲሞላ በሚፈጠር የአየር አረፋ ሊታለል ይችላል። ሌሎች ብዙ መኪኖች ግን ፈሳሹን ጨርሶ አይመረምሩትም። ከካታሊስቱ በፊትና በኋላ ባሉ ሁለት የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሴንሰሮች ምን ያህል ጋዝ እንደገባና እንደወጣ አይተው፣ «ይህን ያህል ረጭቼ ይህን ያህል መቀነስ ነበረበት፤ አልቀነሰም፤ ስለዚህ ፈሳሹ ደካማ ነው» ብለው ይደመድማሉ። ወጡ አልጣፈጠም ተብሎ በርበሬው እንደሚወቀሰው ማለት ነው። በርበሬው ትንሽ ገብቶ፣ እሳቱ ሳይበቃ ቀርቶ፣ ወይም ቀማሹ ጉንፋን ይዞት ሊሆን ይችላል።

ቀማሹ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና። የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሴንሰር ጫፉ ሴራሚክ ነው፤ እጅግ ግሎ ስለሚሠራ የውሃ ጠብታ ካገኘው ይሰነጠቃል። ከዚህ የሚብሰው ሌላ ባሕርይ አለው፤ አሞኒያን ከናይትሮጅን ኦክሳይድ አይለይም። ከሚገባው በላይ ተረጭቶ ትርፍ አሞኒያ በካታሊስቱ ካለፈ፣ የኋላው ሴንሰር «ጋዙ አልቀነሰም» ይላል። ኮምፒውተሩ ይህን እንደ ፈሳሽ ድክመት ቆጥሮ መርጨቱን ከጨመረ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ አድብሉ ቢቀየር የሚለወጥ ነገር የለም።

ስለዚህ ከፈሳሹ ይጀመር። ለአድብሉ የተሠራ ሪፍራክቶሜትር የሚባል፣ ብርሃን በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ አለ። ጥቂት ጠብታ ከታንኩ ተወስዶ መስተዋቱ ላይ ይደረጋል፤ ከ31.8 እስከ 33.2 ባለው መካከል ካነበበ የዩሪያው መጠን ትክክል ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ውሃ ገብቶበታል ወይም በሙቀት አርጅቷል። ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ የተቀመጠ አድብሉ 18 ወር ሲቆይ፣ በ35 ዲግሪ የተቀመጠው 6 ወር ብቻ ይቆያል፤ በጋውን መጋዘን ውስጥ የከረመ ጄሪካን ሊጠረጠር ይገባል። ብርዱ ግን አያበላሸውም፦ አድብሉ ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ ይረጋል፣ ሲቀልጥም መጠኑ አይለወጥም።

ሪፍራክቶሜትሩ የማያየው ነገር አለ፤ እሱም ባዕድ ቆሻሻ ነው። ናፍጣ በስህተት ከገባ ከላይ ስለሚንሳፈፍ በዓይንና በሽታ ይታወቃል፤ የጎማ ማሸጊያዎቹን ስለሚያሳብጥም ሞተሩን ባያስነሱት ይሻላል። ሌላው ፈተና ለአገራችን ሰው ቅርብ ነው። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ በስሙ አንድ ስለሆነ «በውሃ በጥብጬ ልጠቀምበት» የሚል ሰው አይጠፋም። ለመኪና የሚሆነው ግን ደረጃው አይሶ 22241 ይባላል፤ ካልሲየሙ በኪሎ ከ0.5 ሚሊግራም፣ ባይዩሬቱም ከ0.3 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። የማዳበሪያው ዩሪያ ለዚህ ንጽሕና አልተሠራም። ሪፍራክቶሜትሩ ላይ 32.5 እያነበበ ካታሊስቱን ቀስ እያለ ሊገድል ይችላል።

ፈሳሹ ደህና ከሆነ የመኪናው የስህተት ኮድ ይነበብ። ፒ207ኤፍ በቀጥታ ስለ ጥራት ሲናገር፣ ፒ20ኢኢ የካታሊስቱ ሥራ ከገደብ በታች መውረዱን ይናገራል፤ አብረው ቢወጡ አይግረምዎ። ቀጥሎ ጋራዡን የዶዝ ሙከራ ይጠይቁ። መርጫው ከጭስ ማውጫው ተፈትቶ መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ እንዲረጭ በመመርመሪያ መሣሪያ ይታዘዛል፤ የወጣው መጠን አምራቹ ካስቀመጠው ጋር ይነጻጸራል። ካነሰ መርጫው ወይም ቱቦው በነጭ ክሪስታል ተደፍኗል፣ አለዚያም ፖምፓው ግፊት አጥቷል። ቀኑን ሙሉ በር ለበር እየቆመ የሚሄድ ቫን ለዚህ ይጋለጣል፤ ጭሱ በቂ ሙቀት ሳያገኝ የተረጨው ዩሪያ ቱቦው ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ከሴንሰሩ በፊት ያለ የጭስ ቀዳዳም ንባቡን ያዛባል፤ እሱን መፈለግ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።

«ታንክ ይቀየር» ለሚል ጋራዥ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ሪፍራክቶሜትሩ ስንት አነበበ? ዶዙ ስንት ሚሊሊትር ወጣ? የፊትና የኋላ ሴንሰሮቹ ሞተሩ ሞቆ ሲሄድ ምን ያሳያሉ? መልስ ከሌለው ሌላ ጋራዥ ይሂዱ።

ጥገናው ካለቀ በኋላም ኮዱን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ኮምፒውተሩ ውጤቱን በራሱ ማየት ስለሚፈልግ ማስጠንቀቂያው ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ካታሊስቱ ሞቆ፣ መኪናው በአውራ ጎዳና ላይ በተረጋጋ ፍጥነት ከተነዳ በኋላ ነው፤ አንዳንዱ ሞዴል ደግሞ በመመርመሪያ መሣሪያ የሚሰጥ ትእዛዝ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ጊዜ ስለሚወስድ ቆጠራው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሲቀረው ጋራዥ መግባት ይሻላል። ዜሮ ከደረሰ መኪናው ከቦታው ሊነሳ የሚችለው በጎታች መኪና ብቻ ሊሆን ይችላል።