የቆዳ አለርጂ፦ መነሻው፣ የቅባት ጥንቃቄና የሕክምና ቅደም ተከተል

ቆዳው ያሳከከው ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠረጥረው የበላውን ምግብ ነው። ሆኖም መነሻው ቆዳን የነካ ነገር፣ ያውም ለዓመታት ያለ ችግር ሲያገለግል የቆየ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ጥቁር የፀጉር ቀለም፣ ሽቶ፣ ኒኬል ያለበት የጆሮ ጌጥና የቀበቶ ዘለበት በዚህ ይታወቃሉ። ሽፍታው ከንክኪው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ ስለሚወጣ መንስኤው በቀላሉ ይዘነጋል። በረኪና የሚያዘወትር እጅ መሰነጣጠቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ አለርጂ ሳይሆን የኬሚካሉ ቀጥተኛ ጉዳት ነው፤ ለሁለቱም ጓንት ይረዳል።

የተጠረጠረውን ነገር ማቆም፣ ቆዳውን በውኃ ማጠብ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ መያዝና ሽታ የሌለው ቫዝሊን መቀባት ለቀላል ሽፍታ በቂ ሊሆን ይችላል። «ምች ነው» በሚል ነጭ ሽንኩርት ማሸት ግን ቆዳን እስከ ማቃጠል ይደርሳል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ ቅባት ነው። እንደ ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ያሉ የስቴሮይድ ቅባቶች ማሳከክን በፍጥነት ያስታግሣሉ። ችግሩ የጭርትንም ማሳከክ ማስታገሣቸው ነው፦ መቅላቱ ይደበዝዛል፣ ታካሚው የዳነ ይመስለዋል፣ ፈንገሱ ግን ይስፋፋል። ፊት ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ደግሞ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ብጉር ያወጣሉ፣ ሲያቆሟቸውም ማቃጠል ያስከትላሉ። ሌሊት የሚብስና ሌሎች የቤተሰብ አባላትን የሚይዝ ማሳከክም ከአለርጂ ይልቅ እከክ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

የቤቴልና የአካባቢው ነዋሪ የመጀመሪያ መዳረሻ በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ነው፤ በተለይ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ይህን ቅደም ተከተል ሊጠብቁ ይገባል። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ የሆነ ሕመም በሪፈራል ይላካል። በዚያው በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ሲሆን፣ ዛሬ ለማንኛውም የቆዳ ሕመም አገልግሎት ይሰጣል። የድሮ ስሙ ሊያሳቅቅ አይገባም። ተገልጋዮች የተጠቀሙባቸውን ቅባቶችና ክኒኖች ከነማሸጊያቸው ይዘው ቢቀርቡ ምርመራው ይቀልላል። ተነሥቶ በሰዓታት ውስጥ የሚጠፋ ሽፍታ ከሆነም በስልክ ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል።

ከሽፍታው ጋር የከንፈር ወይም የምላስ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ከታየ ሪፈራል አይጠበቅም፤ በ907 ወይም በ939 አምቡላንስ መጥራት ወይም በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ አፍና ዓይን ሲቆስል ወይም ቆዳ ውኃ ሲቋጥርም እንዲሁ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ መድረስ ይገባል። የዚያ መድኃኒት ስም በካርድ ላይ ተጽፎ በየሕክምናው መታየት አለበት።