ከሆስፒታል ወደ አረጋውያን ቤት

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል በነርስነት የሚያገለግሉት ጥቂቶች አይደሉም። ከእነርሱም አንዳንዶቹ የሆስፒታሉን ሥራ ትተው አረጋውያንን በየቤታቸው የሚረዳ ድርጅት ለማቋቋም ይነሣሉ። አሳቡ የተመሰገነ ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ሥራ መሆኑን አስቀድሞ መረዳት ይገባል።

ነርስ በሆስፒታል መርፌ ትወጋለች፣ ቁስል ታጥባለች። የግል እንክብካቤ የሚባለው ግን ገላ ማጠብ፣ ልብስ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ከአልጋ ደግፎ ማንሣት ነው። ልዩነቱ የገንዘብም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. የተደነገገው ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን መድን ለዚህ እርዳታ ብቻውን ሲሆን አይከፍልም፤ ለድኆች የቆመው ሜዲኬይድ ይከፍላል፣ ደንቡ ግን በየስቴቱ ይለያያል። ድሃም ባለጸጋም ያልሆነው ቤተ ሰብ በመካከል ቀርቶ ከኪሱ ያወጣል። ለነርሷም ቢሆን የመንግሥቱ ክፍያ ብዙ ጊዜ ይዘገያል፣ የሠራተኛ ደመወዝ ግን ቀን አይሰጥም፤ ስለዚህ የጥቂት ወራት መጠባበቂያ ሳይዙ መጀመር አይገባም።

የአገራችን ነርስ ብልጫዋ በሌላ ነው። እናታችን በዐቢይ ጾም ወተት የገባበትን ምግብ ሲመልሱ፣ እንግዳዋ ረዳት «የምግብ ፍላጎት የላቸውም» ብላ ትጽፋለች፤ የአገራቸው ልጅ ግን ሽሮ ትሠራላቸዋለች። የስኳር ሕመም ካለባቸውም እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾሙ ጠይቃ፣ ሐኪሙንና የንስሐ አባታቸውን ታማክራለች።