ስለ ኬዳ አውራጃ የወተት ሀብትና ለሕዝቡ ስለሚሰጠው አገልግሎት

የአንድ አውራጃ ሀብት የሚታወቀው ምድሩ በሚያበቅለው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ያፈራው ሰው የድካሙን ዋጋ በጊዜውና በትክክል ማግኘቱም ሊመረመር ይገባል። ምርቱ በዝቶ ሳለ ዋጋው በመንገድ የሚቀር ከሆነ፥ ገበሬው ለሥራው ይሰንፋል፤ ግብሩም ይጐድላል፤ አገሩም ከድኽነት አይወጣም። ለዚህ ነገር ምስክር ይሆን ዘንድ በምዕራብ ህንድ በጉጃራት ያለውን የኬዳን አውራጃ ታሪክ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ኬዳ፥ እንግሊዞች ካይራ ይሉት የነበረው አውራጃ፥ በሳባርማቲና በማሂ ወንዞች መካከል የተዘረጋ ሜዳ አገር ነው። በ1997 አውራጃው ለሁለት ተከፍሎ የደቡቡ ክፍል የአናንድ አውራጃ ተብሏል። አፈሩ ለም ስለ ሆነ እህልና ትምባሆ ይበቅልበታል። ነገር ግን የብዙው ሰው መሬት ጥቂት ነው፤ ጭራሽ መሬት የሌለውም አለ። ስለዚህ ድኻው ሁሉ አንድ ወይም ሁለት ለማዳ ጎሽ በደጁ አስሮ ገለባና ሣር እየመገበ ይኖራል። የጎሽ ወተት ቅቤው ከላም ወተት ይበልጣል።

የዚህ አውራጃ ሕዝብ በመጀመሪያ የታወቀው በግብር ክርክር ነው። በ1917 ዝናሙ ከልክ በላይ ስለ ጣለ መከሩ ተበላሸ። በጊዜው በነበረው ደንብ፥ ምርቱ ከመደበኛው ከአራት እጅ አንዱን እጅ እንኳ ሳይሞላ የቀረ እንደ ሆነ፥ የመሬቱ ግብር ሳይጠየቅ እንዲቆይ ተፈቅዶ ነበር። ገበሬዎቹ ምርታችን ከዚህ በታች ነው አሉ፤ ሹማምንቱ ግን ግምቱን ከፍ አድርገው ግብሩ ይከፈል ብለው አዘዙ፤ እንቢ ያለውንም ሰው ከብቱንና ዕቃውን ይይዙበት ጀመር። በመጋቢት 1918 ማህተማ ጋንዲና ቫላብባይ ፓቴል ሕዝቡን እየመሩ ያለ ጠብና ያለ ዱላ ግብር መክፈልን አስተዉ። በሰኔ ወር አቅም ያለው እንዲከፍል፥ የድኻው ግን እንዲቆይ ተደርጎ ነገሩ አለቀ። ልብ አድርጎ ለሚመለከተው፥ የሁሉ ነገር መነሻ ደንቡ አልነበረም፤ ግምቱ እንጂ። በትክክል ያልተገመተ መከር መንግሥትንና ሕዝብን አጣላ።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛው ክርክር በወተት ምክንያት ተነሣ። በ1945 የቦምቤይ መንግሥት፥ ዛሬ ሙምባይ ለምትባለው ከተማ ወተት ከኬዳ በምድር ባቡር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ እንዲመጣ አሰበ፤ ወተቱን የመሰብሰብ መብትም በአናንድ ለነበረ ለአንድ የግል የወተት ፋብሪካ ብቻ ተሰጠ። ለነጋዴው የሚከፈለው ዋጋ ሲወሰን፥ ለገበሬው የሚደርሰው ግን አልተወሰነም። እህል ያለው ሰው ዋጋው ቢረክስ ጐተራውን ዘግቶ ይቆያል፤ ወተት ግን ሳይሸጥ ቢውል ይበላሻልና፥ ገበሬው የተሰጠውን ከመቀበል በቀር ምርጫ አልነበረውም።

ገበሬዎቹ ወደ ቫላብባይ ፓቴል ሄደው አቤት ባሉ ጊዜ፥ የራሳችሁን ማኅበር አቁሙና ወተታችሁን ራሳችሁ ሽጡ ሲል መከራቸው። በጥር 1946 ተሰብስበው፥ በየመንደሩ ማኅበር እንዲቆም፥ መንግሥትም ከማኅበራቸው ካልገዛ ወተት እንዳይሸጡ ቈረጡ። 15 ቀን ያህል ከአውራጃው ወተት ሳይወጣ ቀረ፤ በመጨረሻም መንግሥቱ ተስማማ። የአውራጃው የወተት አምራቾች ኅብረት በታኅሣሥ 1946 በሕግ ተመዘገበ። በጀመረ ጊዜ የነበሩት የመንደር ማኅበራት ሁለት፥ የቀኑ ወተትም 250 ሊትር ያህል ብቻ ነበር። የኅብረቱ ሊቀ መንበር ትሪቡቫንዳስ ፓቴል ነበረ፤ በ1949 ወደ አናንድ የመጣው መሐንዲስ ቨርጊስ ኩሪየንም ሥራ መሪ ሆኖ ብዙ ዘመን አገለገለ።

የሥራው ብልሐት እንደዚህ ነው። አባሉ ጧትና ማታ ወተቱን ወደ መንደሩ ማኅበር ያመጣል፤ ወተቱ ይለካል፤ ከውስጡም ጥቂት ተቀድቶ የቅቤው መጠን ይመረመራል። ዋጋው የሚሰጠው እንደ ብዛቱና እንደ ቅቤው ነው፤ ስለዚህ ውሃ የጨመረ ሰው የሚጐዳው ራሱን ነው። በቀድሞው ልማድ የጧቱ ወተት ዋጋ በማታ፥ የማታውም በማግሥቱ ጧት ይከፈል ነበር። አሥር ጎሽ ያለውም አንድ ጎሽ ያለውም በምርጫ ያለው ድምፅ አንድ ነው። አባሎች የመንደራቸውን ሹሞች ይመርጣሉ፤ የመንደሮቹም ሊቃነ መናብርት የአውራጃውን ኅብረት መሪዎች ይመርጣሉ።

ሆኖም አንድ ችግር ቀርቶ ነበር። ጎሽ በብርድ ወራት የምትሰጠው ወተት ከበጋው ሐሩር ወራት እጅግ ስለሚበልጥ፥ የከተማው ገበያ ትርፉን መቀበል አልቻለም። ስለዚህ በ1955 ወተትን አድርቆ ዱቄት የሚያደርግ ፋብሪካ በአናንድ ተከፈተ። የጎሽ ወተት ወደ ዱቄት አይለወጥም ተብሎ ሳለ፥ የኅብረቱ ባለሙያ ዳላያ ብልሐቱን አገኘ። ከመኪናዎቹም ከፊሉን የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ሰጠ።

ኅብረቱ ወተት በመግዛት ብቻ አላበቃም። የከብት ሐኪሞች በመኪና በየመንደሩ እየዞሩ እንዲያክሙ አደረገ፤ የተመረጠ ዘር እንዲዳቀል ረዳ፤ በ1964 ደግሞ የከብት መኖ ፋብሪካ ተመርቆ ተከፈተ። የመንደሩ ማኅበር ካገኘው ትርፍ ለአባሎቹ ያካፍላል፤ ለትምህርት ቤት፥ ለመንገድና ለውሃም ይረዳል። በ1965 የህንድ መንግሥት ይህን ሥራ በሌሎች አውራጃዎች የሚያስፋፋ መሥሪያ ቤት በአናንድ አቆመ። ዛሬ ህንድ በወተት ምርት ከዓለም አንደኛ ናት።

ሥራው ግን ጕድለት የለበትም አይባልም። ጎሽዋን የምታልበውና የምትመግበው ብዙ ጊዜ ሴቲቱ ሆና ሳለች፥ በመዝገብ የሚጻፈው ባልዋ ነበር። ይህን ለማቃናት የሴቶች ብቻ የሆኑ ማኅበራት በኋላ ቆመዋል።

አገር የሚያስተዳድርና መሬት የያዘ ሰው ከዚህ ሦስት ነገር ይማራል። ፩ኛ፤ ግምትና ሚዛን በባለቤቱ ፊት ይሁን፤ የሕዝብ ቅሬታ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ፪ኛ፤ ዋጋ አይዘግይ፤ የዘገየ ዋጋ ድኻውን ወደ አበዳሪ ይነዳዋልና። ፫ኛ፤ የመንግሥት እርዳታ መንገድ፥ ሐኪምና መኪና ይሁን፤ የሕዝቡን ማኅበር ግን ሕዝቡ ራሱ ይምራው። የኬዳ ጎሽ በ1945ም ትታለብ ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የተለወጠው ጎሽዋ ሳትሆን፥ የወተቱ ዋጋ የሚገባበት እጅ ነው።