ጆሮው እንደ አዲስ ለተሠራለት ልጅ በቤት የሚደረግ ጥንቃቄ

አንዳንድ ሕፃን የአንድ ጆሮው ቅርፅ ሳይሟላ፤ በጆሮው ስፍራ ጥቂት የታጠፈ ሥጋ ብቻ ይዞ ይወለዳል። ይህንን የሰው ዓይን ያመጣው አይደለምና እናቲቱ ራስዋን ልትወቅስ አይገባትም። ሐኪሞች ከልጁ ከራሱ ጎድን ቅርጭጭት ወስደው፤ በጆሮ አምሳል ጠርበው፤ ከቆዳው በታች በመትከል አዲስ ጆሮ ያበጁለታል። አሜሪካዊው ዶክተር ራድፎርድ ታንዘር ይህን ዘዴ አሻሽለው ያሳተሙት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ዓ. ም. ነበር። ብዙውን ጊዜ ሥራው ከ6 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀመራል፤ ከዚያ በፊት ጎድኑ የሚበቃ ቅርጭጭት አይሰጥምና።

ነገር ግን የሐኪም እጅ ያበጀውን የቤት ቸልተኝነት ሊያፈርሰው ይችላል። ቅርጭጭት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ የሚኖረው ከሸፈነው ስስ ቆዳ በሚያገኘው ምግብ ነው። በሁለቱ መካከል ደም የተጠራቀመ እንደሆነ፤ ወይም ቆዳው የተጫነ እንደሆነ፤ ቆዳው ሞቶ ቅርጭጭቱ ይገለጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ደሙን የሚስብ ቀጭን ቱቦ ከቆዳው ሥር የሚቀመጠው ስለዚህ ነው። ቱቦው መሳቡን ካቆመ ወይም ትኩስ ደም ከበዛበት ወዲያው ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው እንቅልፍ ነው፤ ልጅ ቀን የተመከረውን ሌሊት ይረሳዋልና። ራሱን በትራስ ከፍ አድርጎ በጀርባው ማስተኛት፤ ወደ ታመመው ጎን እንዳይገለበጥም የተጠቀለለ ጋቢ በአጠገቡ ማኖር ይረዳል። ፋሻውን «ጠበቅ ሲል ይይዝለታል» በማለት ማጥበቅ ግን እጅግ ጎጂ ልማድ ነው።

ብዙ ወላጆችን የሚያስደንቀው፤ ልጁ ከጆሮው ይልቅ ደረቱን ማመሙ ነው። ሕመሙን ፈርቶ በጥልቅ እንዳይተነፍስ ስለሚሠጋ፤ የታዘዘለትን ማስታገሻ በሰዓቱ መስጠትና እንዲተነፍስ ማባበል ይገባል። ትንፋሽ ያጠረው እንደሆነ ግን ጎድኑ ሲወሰድ የሳንባው ሽፋን ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ቢጨምር፤ ትኩሳት፤ የሚሰፋ መቅላት፤ መግል ወይም ክፉ ሽታ ቢታይም እንደዚሁ ነው። ቆዳው ቢጠቁር ወይም ነጭ ቅርጭጭት ብቅ ቢል ቅቤም ሆነ ቅጠል አይቀባ። ጥቂት የተገለጠ ስፍራ ሐኪሙ ባዘዘው ቅባት ከድርቀት ተጠብቆ ሊድን ይችላል፤ ሰፊው ግን በሌላ ሥጋ መሸፈን ያስፈልገዋል፤ በዘገየም መጠን ቅርጭጭቱ እየበሰበሰ ይሄዳል።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ እንኳ ጆሮው ለወራት ደንዝዞ ስለሚቆይ፤ ልጁ ሳይሰማው በፀሐይ ወይም በጠጉር ማድረቂያ ሙቀት ሊቃጠል ይችላል። ወደ ኳስ ጨዋታና ወደ ትግል የሚመለስበትን ቀን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ እስከዚያው ድረስ የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ነገሩን እንዲያውቅ ማድረግ መልካም ነው፤ ጓደኞቹ አዲሱን ጆሮ ለመንካት መጓጓታቸው አይቀርምና።