ያውቁ ኖሯል? አስራትዎ የከተማንም ግብር ሊቀንስ ይችላል
የኒውዮርክ ከተማ ነዋሪ ከፌዴራልና ከግዛቱ ግብር ሌላ ለከተማዋም የገቢ ግብር ይከፍላል። የከተማዋ ግብር የሚሰላው ግን ግዛቱ ግብር በሚጥልበት ገቢ ላይ ነው። ስለዚህ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ ወይም ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሰጡት ገንዘብ በግዛቱ ቅጽ ላይ ከተቀነሰልዎ ሁለቱም ግብሮች ይቀንሳሉ።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፌዴራል ቅጹ መደበኛውን ተቀናሽ የመረጠ ሰው በኒውዮርክ ግዛት ቅጽ ላይ ወጪዎቹን ዘርዝሮ ማስቀነስ ይችላል። የግዛቱ መደበኛ ተቀናሽ ላላገባ 8,000፣ በጋራ ለሚያሳውቁ ባልና ሚስት 16,050 ዶላር ነው። የዓመቱ አስራት ከቤት ብድር ወለድና ከንብረት ግብር ጋር ሲደመር ይህን መጠን ማለፉ ብርቅ አይደለም። መዘርዘሪያው ቅጽ አይቲ-196 ይባላል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ቨርጂኒያ ግን በፌዴራል ያልዘረዘረ በግዛቱም አይዘረዝርም።

በቀጥታ ለዘመድ ወይም ለአገር ቤት ገዳም የተላከ ገንዘብ አይቀነስም። በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሰጡ የተቀባዩን የጽሑፍ ማረጋገጫ መያዝ ግዴታ ነው፤ ግብርዎን ከማሳወቅዎ በፊት ይጠይቁ።