አጥንትን የሚያጸናው ረዳት ፕሮቲን

በሎስ አንጀለስ፣ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሚገኘው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ሲሰየም፣ ዶክተር ዴቪድ ሪሞይን በ1970 የጀመሩት ዓለም አቀፍ የአጽም ሕመሞች መዝገብ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስቆጥሮ ነበር። በ2010 ደግሞ የሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን፣ አጥንታቸው በትንሽ ነገር የሚሰበር ልጆች ያሏቸውን የቱርክ ቤተሰቦች መርምሮ፣ ጉድለቱን ኤፍኬቢፒ10 በተባለ ዘረ-መል ላይ አገኘው።

ለአጥንት ጽናት የሚሰጠው ኮላጅን፣ ሦስት ክሮች እንደ ገመድ ተገምደው የሚያስገኙት ፕሮቲን ነው። በአብዛኞቹ ሕሙማን የሚበላሸው ክሩ ራሱ ነው። በእነዚህ ልጆች ግን የጎደለው ኤፍኬቢፒ65 የተባለው፣ ክሮቹ በሴል ውስጥ በአግባቡ እንዲታጠፉ የሚረዳ ሌላ ፕሮቲን ነው። እርሱ ሲጓደል ኮላጅኑ ከሴሉ እንደሚገባው አይወጣም።

ወላጆቹ ጤነኞች ናቸው፤ ልጁ የሚታመመው ከሁለቱም የተበላሸውን ቅጂ ሲወርስ ብቻ ነው። ይህም በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል ነው። ዘመዳሞች ሲጋቡ ሁለቱም ያንኑ ጉድለት የመሸከማቸው ዕድል ይጨምራል። ሰባት ቤት ቆጥሮ የመጋባት የአገራችን ልማድ ይህን ዕድል ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም።

ምክንያቱ ሳይታወቅ ደጋግሞ የሚሰበር ሕፃን ወላጆቹን በድብደባ ሊያስጠረጥር ይችላል። የዘረ-መል ምርመራ እውነቱን ሊያወጣ ስለሚችል፣ ሐኪሙ «ትዛመዳላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ በግልጽ መመለስ ይገባል።